እናት ጠርሙሷ

ሰፈሩ በሙሉ «አፍንጫው» እያለ ነው የሚጠራው። ከኋላው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱም ይሉታል፤ አይከፋውም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያቺ አፍንጫ ይህን ያህል ስም የሚወጣላት አይደለችም። ትንሽ ናት፣ ጫፏ ቀላ ያለ፣ መነጽር እንኳ በቅጡ የማትሸከም። ሆኖም የቤቱ ኪራይ የሚከፈለው፣ ልጆቹ የሚማሩት፣ ሚስቱ ዘንቢል ይዛ ገበያ የምትወጣው በእሷ ነው። ታዲያ ሰውየው ሲሳሳላት! ጎረቤት ካስነጠሰ መንገድ ይሻገራል። ቀለም የተቀባ አጥር ካየ ዞሮ ይሄዳል። ሽንኩርት የሚጠበሰው እሱ ሥራ ሲሄድ ነው። ሽቶ የሚባል ነገር ሚስቱ የምትቀባው እሁድ ከሰዓት ብቻ፣ ያውም በረንዳ ላይ ቆማ። «እኔን የዳራችሁኝ ለሰው ነው ወይስ ለአፍንጫ?» ትላቸዋለች ዘመዶቿን። እሱም አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ጉንፋን መጣብኝ፣ ዛሬ ያዘኝ፣ ነገ ያዘኝ እያለ ሲፈራ የዕድሜው ግማሽ አልቋል።

ሥራው መጠጥ መቅመስ ነው። የሚቀናበት ብዙ ነው፤ «አንተ ምን አለብህ፣ እየጠጣህ ይከፈልሃል!» ይሉታል። ጅሎች! ከቀመሰው ውስጥ አንዲት ጠብታ ጉሮሮውን አታልፍም፤ ተጉመጥምጦ እግሩ ሥር ካለው ባልዲ ይተፋዋል። የሚሠራበት ቤት ምዘና ቤት ይባላል። አባቱ ሞቶ ቁምሳጥን ውስጥ ያረጀ ውስኪ ያገኘ ልጅ፣ ዕቃውን ጨረታ ሊያወጣ ያሰበ ነጋዴ፣ ከደንበኛ ጋር የተጣላ ሆቴል፣ ሁሉም ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ እዚያ ይመጣል። አፍንጫው በቡሹ በኩል ቀጭን መርፌ አስገብቶ ጥቂት ይስባል። ሆዷ ሰፋ፣ አፏ ጠበብ ባለች ብርጭቆ ያደርገዋል፣ ክዳን ይደፋበታል፣ ይጠብቃል። ከዚያ ያሸታል። ውሃ ጠብ አድርጎ ደግሞ ያሸታል። መዳፉ ላይ አንዲት ጠብታ አሽቶ፣ አልኮሉ በኖ ሲያልቅ የሚቀረውን ያሸታል። መጨረሻ ላይ ምላሱ ላይ ያንከባልለዋል። ከዚያ ወይ «እውነተኛ ነው፣ ይህን ያህል ያወጣል» ይላል፣ ወይ «አይደለም» ይላል። «አይደለም» ካለ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

እንዲህ አፉን ሞልቶ እንዲናገር የምታደርገው አንዲት ጠርሙስ ናት። ከመጠጥ ሁሉ በጣም የሚከበረውም፣ በጣም የሚጭበረበርበትም አንድ የታወቀ የስኮትላንድ ጠማቂ ቤት የሚያወጣው የሠላሳ ዓመቱ ስኮች ውስኪ ነው፤ ቅልቅሉ። ቅልቅል ሲባል ማንም ጓዳ ገብቶ የሚበጠብጠው እንዳይመስላችሁ። ከብቅል የወጣውና ከሌላ እህል የወጣው ውስኪ በየበርሜሉ ተኝቶ፣ አርጅቶ፣ በመጨረሻ በአዋቂ እጅ አንድ ላይ የሚገናኝበት ነው። ሠላሳ ተብሎ የሚጻፈው የታናሽየው ዕድሜ ነው፤ ታላላቆቹ ከዚያም ያልፋሉ። ምዘና ቤቱ የዚህን መጠጥ ማመሳከሪያ በአንዲት ጥቁር ጠርሙስ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎ አስቀምጧል። «እናት» ነው የሚሏት። የመጣው ሁሉ ከእናት ጎን ይቀርባል፤ ከመሰላት ልጇ ነው፣ ካልመሰላት የጎረቤት ልጅ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁልፏን ሲያስረክበው የነገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «እናት አትጎድልም!» ጠርሙስ ከጎደለ በባዶው ቦታ አየር ይገባል፣ አየር ደግሞ መጠጡን ይገድለዋል። ስለዚህ ከእናት በተቀዳ ቁጥር፣ እውነተኛ ነው ከተባለው ጠርሙስ ትንሽ ወስዶ ጉድለቷን መሙላት ነው። ሽማግሌው እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፣ አፍንጫውም እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፣ እናትም ሁልጊዜ እስከ አንገቷ ሙሉ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለቃው ቢሮው ጠራውና «በሩን ዝጋው» አለው።

አለቃው ሲቆጣ በሩን ከፍቶ የሚጮህ ሰው ነው፤ ዘግቶ ሲናገር ነገር አለ ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ቆሟል።

«ከትልቁ ሆቴል ነው የመጡት» አለ አለቃው። «ይቺ ባር ላይ የተከፈተች ናት። ይቺ ከመጋዘን የመጣች፣ ያልተነካች። አንድ እንግዳ ‹ይሄ የሠላሳ ዓመቱ አይደለም› ብሎ በሰው ፊት ጉድ አፍልቷል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጋዘን ውስጥ ተከፍቶ፣ ተቀይሮ ነው እንደገና የታሸገው ትላለች። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ትናንት ፖሊስ ወስዶታል።»

«ማንን?» አለ አፍንጫው።

«መጋዘን ጠባቂውን ነዋ! ማንን ይውሰድ? ነገ ከሰዓት ሥራ አስኪያጇ ራሷ ትመጣለች። ከእናት ጋር ጎን ለጎን ቀርቦ በዓይኔ ካላየሁ፣ በአፍንጫዬ ካላሸተትኩ ብላለች። አንተ ‹አይደለም› ካልክ ሰውየው ይከሰሳል። ‹ነው› ካልክ ይለቀቃል። በቃ፣ ነገሩ አንተ እጅ ላይ ነው።»

የትልቁ ሆቴል መጋዘን ጠባቂ ቁልፎ ነው። ቁልፎ የሚሉት ወገቡ ላይ በሚንቀጫቀጨው የቁልፍ ጉንጉን ምክንያት ነው፤ መምጣቱን ድመት እንኳ ከሩቅ ታውቃለች። ከአፍንጫው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምረዋል። አፍንጫው ሲያገባ ሚዜው እሱ ነበር፤ ቀለበቱን በእጁ የያዘ፣ ሙሽራው ከፍርሃት ብዛት ላብ ሲያጠምቀው ግንባሩን በመሐረብ የጠረገ። የሰው ሳንቲም ኪሱ ቢገባ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነው። አፍንጫው «አውቀዋለሁ፣ ሚዜዬ ነው፣ ሌላ ሰው ይቅመሰው» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የአለቃውን ፊት አየና ዘጋው። ፈርቶ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ መቅመሻው ክፍል ገባ። ክፍሉ ነጭ ነው፣ ምንም አይሸትም፣ መስኮቱ አይከፈትም። ሦስት ብርጭቆ ደረደረ፤ ከእናት፣ ከባሩ ጠርሙስ፣ ከመጋዘኑ ጠርሙስ። ክዳናቸውን ደፍቶ ጠበቀ። መጀመሪያ እናትን አነሳ፤ ክብ፣ ጣፋጭ፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለች፣ የሚያውቃት። ቀጥሎ የመጋዘኑን አነሳ፣ አሸተተና እጁ አየር ላይ ቀረ።

አይደለም። በጭራሽ አይደለም! ይሄ ደረቅ ነው። ስኳር የለውም። የማር ሰፈፍ ይሸታል፣ ለብዙ ዘመን ሳይከፈት የኖረ ቁምሳጥን ይሸታል፣ በሩቅ ደግሞ ጭስ አለው። የባሩን አነሳ፤ ያው ነው፣ ሁለቱ መንትያ ናቸው። አንዳቸውም እናትን አይመስሉም። ውሃ ጠብ አደረገ፣ በመዳፉ አሸ፣ ተጉመጥምጦ ተፋ፣ አፉን ታጠበ፣ ደግሞ ጀመረ። ስንት ጊዜ እንደጀመረ አያውቅም። በየመሀሉ «እባክህ፣ እባክህ» ይላል፤ ማንን እንደሚለምን ግን ለራሱም አልገባውም። መጠጡ ሐሳቡን አልቀየረም።

እንግዲህ ቁልፎ ሌባ ነው ማለት ነው።

ጥርጣሬ አንዴ በር ከተከፈተለት ቤቱን ሁሉ ይዞራል። ያ አዲስ ጃኬት በምን ተገዛ? ጣሪያውን ያስጠገነው በደመወዙ ነው? ባለፈው ወር ምሳ ልክፈል ብሎ ሲታገለኝ ከየት አምጥቶ ነው? ትናንት የማይታሰበው ሁሉ ዛሬ እየተገጣጠመ መጣ። «አንተ ቁልፎ፣ ምን ነካህ?» አለ ጮክ ብሎ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። እንባው መጣ፤ ግን ማልቀስ አፍንጫ ይደፍናል ብሎ ፈራና ዋጠው። ለአለቃው «አፍንጫዬ ደክሟል፣ ነገ ከማረፍኩ በኋላ እንደገና ላየው» ብሎ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ የቁልፎ ሚስት ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የሱ ሚስት አጠገቧ ሆና እጇን ይዛታለች። መመለስ ቢቻል ከበሩ ይመለስ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሰማህ?» አለች የቁልፎ ሚስት።

«ሰማሁ።»

«ጠርሙሶቹ አንተ ጋ እንደመጡም ሰማሁ። ስሰማ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ተመስገን አልኩ! ሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር። ጉቦ ይበላል፣ ይሳሳታል፣ ምኑ ይታወቃል። አንተ ግን እውነቱን ታገኛለህ። ጣቢያ ሄጄ ስነግረውም ሳቀ እኮ! እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ‹ለአፍንጫው ንገሪው፣ አይጨነቅ። ያሸተተውን ይበል› አለኝ።»

አፍንጫው መሬት መሬት አየ። ዋሽልኝ ብላ ብትለምነው ይቆጣ ነበር፣ ቁጣ ደግሞ ከዚህ ይቀል ነበር። እሷ ግን አልለመነችም። ተነስታ ጉንጩን ስማው ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ሚስቱ ዞረችበት። «ፊትህ ምነው? ምን አገኘህ?»

«አይደለም» አላት። «መጠጡ አይደለም። ተቀይሯል።»

«ነው በል» አለች።

«ምን?»

«ዋሽ። ነው በል። ያ ሰው እኮ ልጃችን በታመመች ጊዜ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሮጠ ነው!»

«ሴትየዋ ራሷ ልታሸት ነው የምትመጣው! ከእናት ጎን ሲቀርብ ያልለመደ ሰው እንኳ ይለየዋል። ስዋሽ ትይዘኛለች። ከዚያ እሱም ታሰረ፣ እኔም ታሰርኩ፣ አንቺስ? ልጆቹስ?»

«እንግዲህ ከራስ በላይ ንፋስ አልክ» አለችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርት ስትከትፍ ተሰማው። እሱ ቤት እያለ ሽንኩርት ስትከትፍ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ተነስቶ ተይ አላላትም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ እጁ የለመደውን ማድረግ ጀመረ። ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ እናትን አወጣ። ትናንት ደጋግሞ ስለቀዳ ጎድላለች። ባለፈው ሳምንት «እውነተኛ ነው» ያለው የአንድ ነጋዴ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ከእሱ በመለኪያ ቀዳና ሊሞላት አዘነበለ። እናት አትጎድልም።

እጁ ቆመ።

ይሄን የነጋዴውን እውነተኛ ያልኩት በምን ነው? እናትን ስለመሰለ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ እናት ውስጥ ያለውስ? ያኔ እናትን ከመሰለው የተጨመረ ነው። ከዚያ በፊት ያለውስ? እሱም ያው። አንዱ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነበር፣ «ግድ የለም፣ ልጇ ነው» ተብሎ ገባ። እናትም በጠብታ ያህል ጣፈጠች። የሚቀጥለው ከእሱ ደግሞ ጥቂት ጣፈጥ ያለ ነበር፤ እናትም ስለጣፈጠች መሰላት፣ እሱም ገባ። አስመሳዩም አለበት፣ የደከመውም አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበጎ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሽማግሌው መጀመሪያ ካስቀመጠው መጠጥ ዛሬ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ጠብታ ቀርቷል?

ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። አንድ ነገር ትዝ አለው። ሙያውን የጀመረ ሰሞን ሽማግሌው ቤቱ ወስዶት፣ የአያቱን ቁምሳጥን ከፍቶ «ግባ» ብሎት ነበር። እንደ ሞኝ ጭንቅላቱን አስገብቶ ካረጀ ኮት መሀል ቆመ። «ይሄንን ሽታ ያዘው። የሠላሳ ዓመቱ ይሄ አለው። ይሄ ከሌለው አትመነው» አለው። የያዘውን መለኪያ ተወና እናትን አሸተተ። ስኳር ብቻ ነው። ቁምሳጥን የለም። መቼ ጠፋ? የሆቴሉን አሸተተ፤ ቁምሳጥኑ አለ፣ ያ ኮት ሁሉ አለ!

ቁልፎ አልሰረቀም።

ደስታው አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ያ እንግዳ «ይሄ አይደለም» ያለው ምን ለምዶ ነው? እኔ «ነው» ያልኩትን በየባሩ እየጠጣ ለምዶ ነው። እኔ «አይደለም» ያልኩትስ? ባሯ የታሸገባት ሴትዮ ነበረች፤ በእሱ ቃል ነው የታሸገባት። በሩ ላይ ቆማ «እኔ አልቀየርኩም፣ ባሌ ነው ያስቀመጠው» ስትል አላያትም ነበር፣ ሥራ ላይ ሰው አይታይም ብሎ። የአባቱን ጠርሙስ ይዞ መጥቶ «አባቴ አታላይ አልነበረም» ብሎ ያለቀሰ ጎረምሳ ነበር። ሌሎችም ነበሩ፤ ፊታቸውን የማያስታውሰው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እሱ የጣለው ራሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ።

አሁን እውነቱን እንናገር፤ ሌላም ሐሳብ መጣለት። «አይደለም» ብል ማን ያውቃል? ቁልፎ ይታሰራል፤ እኔ እናትን ቀስ ብዬ አስተካክላታለሁ፣ ሥራዬ አይነካም፣ ልጆቼ ይማራሉ። ይህን አሰበ። አስቦም ብዙ ቆየ። እኔ የምነግራችሁ ሰው ጻድቅ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ግን «ያሸተተውን ይበል» ያለው የቁልፎ ሳቅ ጆሮው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። ያሸተተውን ደግሞ አሽትቷል።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጇ መጣች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። አለቃው ወንበር ሳበላት። አፍንጫው ብርጭቆዎቹን በሰሃን ይዞ ገባ።

«ጨርሰሃል?» አለ አለቃው።

«ጋሼ፣ የሆቴሉ መጠጥ እውነተኛ ነው። የእኛ እናት ናት የተበላሸችው።»

ሁሉንም ተናገረ፤ አሞላሉን፣ እናት በጠብታ መቀየሯን፣ የሽማግሌውን ቁምሳጥን። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብሎ ቁልፎ ሚዜው መሆኑንም ጨመረ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሥራ አስኪያጇ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

«እንዲህ ነዋ! ጓደኛህን ልታወጣ ነው ይሄ ሁሉ ተረት?»

«ተረት አይደለም፣ እመኑኝ።»

«በምን ልመንህ? ሚዛኔ ተበላሽቷል አልከኝ። በተበላሸ ሚዛን የእኔን መጠጥ እውነተኛ ነው ያልከው በምን መዝነህ ነው? በትዝታህ?»

ልክ ናት። አፍንጫው እናትን ሲጥል አብሮ የራሱንም ቃል ጥሏል፤ አሁን «ነው» ቢልም «አይደለም» ቢልም ዋጋ የለውም። ቁልፎን ሊያድን የተናገረው ነገር ቁልፎን ከነአካቴው ሊቀብረው ነው። አለቃው ፊቱ ጠቁሮ «ውጣ» ሊል ጣቱን ወደ በሩ ሲያነሳ፣ አፍንጫው ጣቱን ተከትሎ ቀና አለና በሩ አጠገብ ያለውን የመስታወት ሳጥን አየ።

አለቃው ምዘና ቤቱን የከፈተ ቀን ከጠመቃው ቤት በቀጥታ የተላከለት አንድ የሠላሳ ዓመት ጠርሙስ ነው ውስጡ ያለው። ተከፍቶ አያውቅም። የመጣ እንግዳ ሁሉ እሱን ሳያይ አይሄድም፤ አለቃው ከልጆቹ ፎቶ ይልቅ እሱን ያሳያል።

«ያቺ ትቀመስ» አለ አፍንጫው።

«አብደሃል? ሳይከፈት እኮ ነው ዋጋው!»

«በመርፌ፣ ጋሼ። ሦስቱ ጎን ለጎን ይቅረቡ። እናትን ከመሰለች እኔንም ለፖሊስ ይስጡኝ። የሆቴሉን ከመሰለች ግን ያ ሰው ምንም አላደረገም።»

አለቃው «አይሆንም» አለ። ሥራ አስኪያጇ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። «ለምን አይሆንም?» አለች። «የእኔን ሠራተኛ ለማሰር የሚበቃ ቃል፣ የእርስዎን ጠርሙስ ለመብሳት አይበቃም?» አለቃው የሳጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ሲያወጣ ፊቱ ጥርሱን ሊነቅሉለት የተቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው።

መርፌዋ ከመግባቷ ያረጀው ቡሽ ፍርክስ ብሎ ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ወደቀ። «ኧረ ጉዴ!» አለ አለቃው ራሱን ይዞ። የሳቀ የለም። አፍንጫው ከእናት፣ ከሆቴሉና ከሳጥኑ ጠርሙስ በሦስት ብርጭቆ ቀዳ፤ አለቃው የየትኛው እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከየብርጭቆው ሥር ለጠፈ። ሥራ አስኪያጇ «ዞር በሉ» አለቻቸውና ብርጭቆዎቹን ቀያየረቻቸው።

«በል ለይ» አለችው።

የመጀመሪያውን አነሳ፤ ምንም አልሸተተውም። ሁለተኛውን አነሳ፣ ምንም። ዕድሜውን ሙሉ ጉንፋን ሲፈራ ኖረና አፍንጫውን የወሰደበት ራሱ ፍርሃቱ ሆነ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አልችልም» አለ። «አይሸተኝም። እርስዎ ያሽትቱ።»

«እኔ? ላሸት ነው እንጂ ልፈርድ አልመጣሁም፤ መጠጥም አልወድም!»

«መውደድ አያስፈልግም። ሁለቱ እህትማማች ናቸው፤ አንዷ ባዕድ ናት። ባዕዷን ያውጡልኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ተጠራጥራ አየችው፤ ፊቷን ስታዞር አለቃው ብርጭቆዎቹን ደግሞ ቀያየራቸው። ከዚያ አጎንብሳ አሸተተች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ ወደ ሦስተኛው፣ ተመለሰች። ቅንድቧን ቋጠረች። መሀለኛውን ነካች፣ ተወችው፣ እንደገና የግራውን አነሳች። አፍንጫው እጆቿን ማየት አልቻለም፤ ወለሉን ነው የሚያየው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ሰማ።

«ይቺ» አለች። «ይቺ ከረሜላ ናት። እነዚህ ሁለቱ የአያቴን ቤት ነው የሚሸቱት።»

አለቃው የተገፋችውን ብርጭቆ አንስቶ ሥሯን አየ። ወረቀቷን ልጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «እናት» ትላለች።

ሥራ አስኪያጇ ስልኳን አውጥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ «ልቀቁት» ስትል በበሩ ተሰማ። አለቃው አልጮኸም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ብቻ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ስንት ሰው ነው ‹አይደለም› ያልነው?»

«አላውቅም።»

አለቃው እጁን ዘረጋ። አፍንጫው የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከሰንሰለቱ ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «እጠራሃለሁ» አለው፤ ይጥራው አይጥራው ግን ከፊቱ አይታወቅም።

ጣቢያው በር ሲደርስ ቁልፎ ወጥቷል። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ጢሙ አድጓል፣ ቀበቶ የለውም፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል። አፍንጫውን ሲያይ እጁን ሱሪው ላይ ረስቶ ሊያቅፈው ዘለለ፤ ሱሪው ሊወርድ ሲል በጭንቅ ያዘው።

«አላልኩሽም?» አላት ሚስቱን። «ይሄ አፍንጫ እኮ ነው!»

አፍንጫውም አቀፈው፣ ግን ክንዱ ጉልበት አልነበረውም። ቁልፎ ገባው። ከአብሮ አደግ ምን ይደበቃል?

«መቼ ነው የቀመስከው?» አለው ቀስ ብሎ።

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ጠዋት? ታዲያ ዛሬ ሌሊት እዚህ ያደርኩት ለምንድን ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ መልሱም ቅርብ ነበር፣ አፍንጫዬ ደክሞ ነው ማለት። አፍንጫው ግን ቀና ብሎ አየው።

«ሌባ ነህ ብዬ አምኜ ነበር» አለ። «ጠርሙሷን አመንኩ፣ አንተን ጠረጠርኩ። ዛሬ ጠዋት ጠርሙሷ መበላሸቷን ባላውቅ ኖሮ ‹አይደለም› እል ነበር።»

የቁልፎ ሚስት ማልቀሷን አቆመች። ቁልፎ እጁ እንደ ልማዱ ቁልፎቹን ፍለጋ ወደ ወገቡ ሄደ፣ ባዶውን ዳበሰ፣ ተመለሰ። ይቆጣል ብሎ አፍንጫው ጠበቀ። ይምታኝ ብሎም ተመኘ። ቁልፎ ግን አልተቆጣም፤ የሆነ ነገር እያሰላ ነበር።

«ጠርሙሷን እንደገና ያየሃት» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ስለሆንኩ ነው አይደል? ሌላ ሰው ቢሆን ትናንት ጨርሰህ ወደ ቤትህ ትሄድ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔስ አንተ ነበርከኝ» አለ ቁልፎ። «ማንም ያልነበራቸውስ?»

ቁልፎ የአፍንጫውን ትከሻ ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ሱሪውን ሰብስቦ ከሚስቱ ጋር ወደ ታክሲው ሄደ፤ ና አብረን እንሂድ አላለውም።

አፍንጫው በሩ አጠገብ ብቻውን ቀረ። ቤቱ በስተቀኝ ነው፤ ሚስቱ እየጠበቀችው ነው። ባሯ የታሸገባት ሴትዮ ትኖርበታለች የተባለው ሰፈር በስተግራ ነው። በሯን ሲያንኳኳ ምን እንደሚላት አያውቅም፤ ስትከፍት ምን እንደምታደርገው ደግሞ ማሰብም አልፈለገም። ወደ ግራ መሄድ ጀመረ።